ጫማ የተወለቀለት ፉርጎ

ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ መልከጼዴቅን በሙሉ ስሙ የሚጠራው መንጃ ፈቃዱ ብቻ ነው። ለሚስቱም፣ ለቄሱም፣ ለሥራ ባልደረቦቹም መልኬ ነው። ሥራው የከብት መኖ በትራክ ማድረስ ነው፤ ጠዋት ኦግደን ሰፈር ካለው መጋዘን ጭኖ ይወጣና ከከተማው በስተምሥራቅ ያለውን ሜዳ ሲያካልል ይውላል። ሜዳ ሲባል ደግሞ ቀልድ አይደለም። ግማሽ ቀን ተነድቶ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ቢገኝ አንድ የገበሬ ቤት፣ አንድ የእህል ጎተራ፣ ነፋስ እንዲከልል የተተከለ አንድ ረድፍ ዛፍ ነው። ሌላው ሾፌር እንቅልፍ እንዳይጥለው ሙዚቃውን ከፍ ያደርጋል። መልኬ ግን ከዓመታት በፊት ከሙዚቃ የተሻለ ነገር አገኘ።

አንድ ገበሬ ግቢ መኖ እያራገፈ ሳለ ነው። የዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የብረት መሰላል አየ። መሰላሉ ከመሬት አይነሳም፤ ከሰው ወገብ ላይ ይጀምርና ጣሪያው ጫፍ ላይ ያልቃል። ማን ነው የዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ በየጊዜው የሚወጣ? ሽማግሌውን ገበሬ ጠየቃቸው። ሰውየው ሳቁና፣ "እሱ እኮ ባቡር ነበር" አሉት።

"ምኑ?"

"ቤቱ ነዋ።"

ድሮ የባቡር ድርጅቶቹ ያረጀውን ፉርጎ የብረት እግሩን ፈተው ለገበሬ ይሸጡት ነበር አሉ። ገበሬው በፈረስ ወይ በትራክተር ጎትቶ ያመጣና ግቢው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ በኋላ እህል ይቀመጥበታል፣ ዶሮ ያድርበታል፣ ማረሻ ይጠገንበታል። መልኬ አፉን ከፍቶ ቀረ። ያደገው ወልድያ ነው፤ እሱ ልጅ ሳለ ወልድያ ላይ ባቡር በወሬ እንጂ በዓይን አይታወቅም። በሕይወቱ መጀመሪያ እጁን ያሳረፈበት ባቡር እንግዲህ ያ ሆነ፦ አገር ካገር ሲያቋርጥ የኖረ ግዙፍ ነገር፣ እግሩን አጥቶ ሣር መሃል ተቀምጦ እንቁላል ሲጠብቅ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይኑ ተከፈተ። ከወለል ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረ ወፍራም ብረት ካየ ትራኩን ያቆማል። ወደ ጎን የሚንሸራተት ከባድ በር፣ መሰላል ተነቅሎለት ቀዳዳው የቀረ ግድግዳ፣ በቀለም ላይ ቀለም ተደራርቦበት ከሥር ቁጥር የሚመስል ነገር የሚያብጥ እንጨት፣ ሁሉም ያናግሩት ጀመር። ገበሬ ሲፈቅድለት ይገባል፣ ይዳስሳል፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳል፣ አመስግኖ ይወጣል። በቃ፤ ሌላ የሚያደርገው ነገር የለም።

ሚስቱ ሩታ፣ "የሰው ባል ካዚኖ ይሄዳል፤ የኔው የዶሮ ቤት ያሳድዳል። ከሁለቱ የቱ ይሻላል ብላችሁ አትጠይቁኝ" ትላለች።

ያልበረደላት አንድ ታሪክ አለ። አንድ እሑድ እሷንና የደሴውን ሁሴንን፣ የልብ ጓደኛውን፣ መኪናው ላይ ጭኖ "ብርቅ የሆነ ፉርጎ አሳያችኋለሁ" ብሎ ሩቅ ወሰዳቸው። ደረሱ። ወርደው ግድግዳውን እየዳሰሰ ሲያስረዳቸው በሩ ተከፈተና ፎጣ ያገለደመ ሰውዬ ወጣ። ለካስ ሰው የሚኖርበት ተጎታች ቤት ነው! ሁሴን እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጦ ሳቀ። "መልኬ፣ ፉርጎህ ገላውን እየታጠበ ነበር" አለው። ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ እንኳ፣ "እስቲ ይቺን አውቶቡስ እያት፣ ፉርጎ ትሆን?" የሚለው አይጠፋም።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ጉዳይ የተጣለው በዚህ ሰው ላይ ነው።

ማኅበረ ምእመናኑ ለዓመታት በኪራይ አዳራሽ ሲያስቀድስ ኖሮ በመጨረሻ ሲቲስኬፕ ከሚባለው ሰፈር ወጣ ብሎ በስተምሥራቅ መሬት ገዛ። ባለቤቶቹ የተዉት አሮጌ እርሻ ነው። ቤቱ ቀድሞ ፈርሷል፤ የቀረው በዛፍ ረድፍ አጠገብ ለብቻው የቆመ ረጅም የእንጨት ቤት ነው። በረዶው ገና እንደቀለጠ ምእመናኑ መሬቱን ሊያዩ ሄዱ። ከሁሉ ፊት የነበሩት ከሜይላንድ ሃይትስ ሰፈር የመጡት እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው፤ ጉልበታቸው ቢያስቸግራቸውም ድምፃቸው ምንም ያልሆነ እናት።

እትዬ ፀሐይወርቅ ቤቱን ሲያዩ ቀጥ አሉ። ጣሪያው ድርብ ነው፤ በዋናው ጣሪያ ላይ ሌላ ጠባብ ጣሪያ ተቀምጦ በሁለቱ መሃል ትንንሽ መስኮቶች ተደርድረዋል። የታችኞቹ መስኮቶች አናታቸው ቅስት ነው፤ ባንዳንዶቹ ላይ ቀይና አረንጓዴ መስታወት ስባሪ ቀርቷል። ቤቱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቷል።

"ይሄማ ቤተ ክርስቲያን ነው!" አሉ።

ከዚያ ማን ሊያቆማቸው? ጭቃው ላይ ጫማቸውን አወለቁ። መቃኑን ተሳልመው ገቡ። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏቸው። ውስጡ የዶሮ ኩስ ነው፤ እሳቸው ግን "ያረከሰው ይፈርበት!" ብለው እዚያው ኩሱ ላይ ሰገዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ስም "አሮጌው ቤተ ክርስቲያን" ሆነ።

ጭንቁ የመጣው በኋላ ነው። የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አባይነህ ኮንትራክተር ነው፤ ፕላኑን አሠርቶ የግንባታ ፐርሚቱን አውጥቷል። መሬቱ በአንድ በኩል ረግረግ ስለሆነ ሕንፃው የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ መቅደሱ ወደ ምሥራቅ ሲሆን ደግሞ ልክ አሮጌው ቤት ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ቤቱ ይፍረስ። ሴቶቹ፣ "የማንም ሃይማኖት ይሁን፣ ስሙ የተጠራበትን ቤት በኤክስካቫተር አታስነኩም" አሉ። ጉዳዩ ቀሲስ ማትያስ ዘንድ ደረሰ። ቀሲስም መልኬን አስጠሩት።

"አንተ ገጠሩን ታውቀዋለህ፤ ከገበሬውም ትግባባለህ" አሉት። "ቤተ ክርስቲያን የነበረ እንደሆነ አይነካም፤ ሌላ መላ እንፈልጋለን። ካልሆነ ግን ሥራው አይቆምም። አጣራና በቅዳሜው ስብሰባ ንገረን።"

መልኬ መኖውን አራግፎ ሲመለስ ብቻውን ጎራ አለ። ከውጭ ሲያየው ገና ልቡ ነግሮታል፤ ግን ፎጣ ያገለደመውን ሰውዬ አስታውሶ ተጠነቀቀ። ተንበርክኮ ከወለሉ ሥር አየ። ብረቶቹ አሉ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ክራር ክር ተወጥረዋል። ባቡር ነው። ግን የምን ባቡር? የዕቃ ፉርጎ መስኮት የለውም፤ ይሄ ሁለንተናው መስኮት ነው።

ገባ። ግድግዳው ላይ የተቀባውን ኖራ በኪሱ ቢላዋ ፋቅ ሲያደርገው ከሥር ቀይ የማር ቀለም ያለው እንጨት ወጣ። ትንሽ ከፍ ብሎ ማጠፊያ አገኘ፤ ከማጠፊያው በላይ ሰንሰለት የሚገባበት ቀለበት። ቀጥሎም እንደዚያው። ቀጥሎም። በጥጉ በኩል ግድግዳው በቆርቆሮ ተለብጧል፤ ቆርቆሮው በጭስ ጠቁሯል። የምድጃ ቦታ! ባቡር ላይ ምድጃ?

ያኔ ነው የገባው፤ ሲገባውም ኮፍያውን ከራሱ አወረደ። እንዲህ ያለውን አንዴ በሙዚየም ግቢ አይቷል። የእህል አይደለም፤ የከብት አይደለም፤ የስደተኛ ፉርጎ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ከመርከብ ወርደው ወደዚህ ሜዳ የመጡት ድሆች የተሳፈሩበት። ቀን የሚቀመጡበት ባዶ እንጨት ማታ ተስቦ አልጋ ይሆናል፤ ከላይ ደግሞ ሳንቃ በሰንሰለት ወርዶ ልጆቹ ይተኙበታል። ሴቶቹ ምግባቸውን ጥጉ ላይ ራሳቸው ያበስላሉ። ይህን አገር የሞላው ሰው የመጣው በዚህ ነው።

የሙዚየሙ ግን በገመድ የታጠረ ነበር፤ አይነካም። ይሄኛው እጁ ሥር ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ እጁን ሲያሳልፍ መሃሉ ጎድጎድ አለበት። ዝናብ የበላው መስሎት ነበር፤ ዝናብ ግን እንጨትን ያሻክራል እንጂ አያለሰልስም። ይሄ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ የለሰለሰ ነው። ወደሚቀጥለው መስኮት ሄደ፤ እሱም ጎድጉዷል። የሚቀጥለውም። ዶሮ ደግሞ ክርን የለውም። ሳያስበው ክርኑን እዚያ ጎድጓዳ ላይ አኖረው። ልክ ሆነ። ቀና ብሎ በመስኮቱ ሲያይ ከፊቱ ያው ሜዳ ነው፤ ማለቂያ የሌለው። "ወይ ጉድ!" አለ ለራሱ። ስንቱ ሰው እዚህ ተደግፎ "አሁን የት ሊጥሉን ነው?" እያለ ይህን ሜዳ አይቶት ይሆን? እንጨት እስኪሰረጎድ ድረስ!

ከዚያ ቤት ሲወጣ ደስታውና ጭንቀቱ እኩል ያዙት።

"ታዲያ ምን ያስተክዝሃል?" አለችው ሩታ፣ እራት እያቀረበች። "ስትፈልገው የኖርከውን አገኘህ።"

"ቤተ ክርስቲያን ነው ብለው እስካመኑ ድረስ አይነካም። ባቡር ነው ያልኩ ለታ ግን አባይነህ ይንደዋል። ሰኞ።"

"እና ዝም በላ!"

"ቄሱ ጠይቀውኛል እኮ።"

"ጠየቁህ እንጂ አላማሉህም። 'አላረጋገጥኩም' ማለት ውሸት ነው?"

እውነቱን ለመናገር ምክሯ ጥሞታል። አርብ ዕለት ቀኑን ሙሉ ትራኩ ላይ፣ "አላረጋገጥኩም፣ ቀሲስ" የሚለውን ሲለማመድ ዋለ።

ቅዳሜ ስብሰባው መሬቱ ላይ ነበር። እትዬ ፀሐይወርቅን ያመጣቸው መልኬ ራሱ ነው። ከመኪና እንደወረዱ ክንዱን ይዘው በቀጥታ ወደ አሮጌው ቤት ወሰዱት። ቀኑ ብርዳም ነው፤ መሬቱ መልሶ በረዶ ሆኗል። ጎንበስ ሊሉ ሲሞክሩ ጉልበታቸው እንቢ አለ።

"ና እስቲ ይቺን ጫማ ሳብልኝ፣ ልጄ።"

"እትዬ፣ ዛሬ ይቅርብዎት። ብርድ ነው።"

"አንተ ደግሞ! ብርድ ነው ብሎ ቤተ እግዚአብሔር በጫማ የሚገባ ማን ነው?"

ተንበርክኮ ጫማቸውን ሳበ። እግራቸው በእጁ ውስጥ ቀዘቀዘ፤ ቀጭን ናት፣ የወፍ እግር ታክላለች። ያቺን እግር በረዶ ላይ አሳርፈው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ መቃኑን ተሳለሙ። መልኬ ጫማቸውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ሲለማመደው የዋለው ቃል ከአፉ ጠፋ። ፉርጎው ተርፎለት እኚህ እናት በየሳምንቱ ዶሮ ቤት ሊሰግዱ ነው?

ቀሲስ ማትያስ ሰዉን ሰብስበው፣ "እህ፣ መልኬ?" አሉት።

"ቤተ ክርስቲያን አይደለም፣ ቀሲስ" አለ። "ሆኖም አያውቅም። ባቡር ነው።"

ከኋላ አንዱ፣ "ፎጣ ያገለደመው አሁን ይወጣል፣ ጠብቁ!" ሲል ሜዳው በሳቅ ተሞላ። ያልሳቁት እትዬ ፀሐይወርቅ ናቸው።

"እና እኔ ዶሮ ቤት ነው የተሳለምኩት?"

"እትዬ..."

"ይሄን ሁሉ ጊዜ እያየኸኝ?"

"ያወቅኩት በዚህ ሳምንት ነው፣ እትዬ። ለመናገር ግን ፈርቼ ነበር፤ ካወቃችሁ ይፈርሳል ብዬ።"

አባይነህ እጁን አሻሸ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራ የተጣለበት ሰው ነው። "በሉ እንግዲህ ጉዳዩ አለቀ። ማሽኑ ሰኞ ይገባል" አለ።

"ይፍረስ ከተባለ ይፍረስ" አለ መልኬ። "አንዴ ብቻ ግቡና እዩት። ከዚያ አልናገርም።"

ሰዉ ግማሹ ለማየት፣ ግማሹ ከብርዱ ለመሸሽ ገባ። መልኬ ሁሴንን አስመጥቶት ነበር፤ ሁሴን ሙሉ ቤት ተሸክሞ ከቦታ ቦታ የሚያዛውር ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠራው፣ የብረት መፈንቀያውም ከእጁ አይለይም። ሁለቱ በግድግዳው ላይ በቀለም የታሸገውን ሳንቃ ይፈነቅሉት ጀመር። ኖራው ረገፈ፣ አቧራው ቦነነ፣ አንዲት ሴት "ኧረ ልብሴን!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ሳንቃው እንደ ማቃሰት ብሎ ተላቀቀና ዝገት የበላው ሰንሰለት እየተንኳኳ ቀስ ብሎ ወረደ። በአየር ላይም ቆመ። አልጋ ነው። ለአዋቂ ያጥራል፤ ለልጅ ይበቃል።

ማንም አልሳቀም።

መልኬ ያወቀውን ነገራቸው፤ መርከቡን፣ ባዶውን እንጨት፣ ሜዳውን። ከዚያ ክርኑን የመስኮቱ ደፍ ጎድጓዳ ላይ አኖረና ቦታውን ለቀቀ። ቀሲስ ማትያስ ቀርበው የቀሚሳቸውን እጅጌ ሰበሰቡና ክርናቸውን እዚያው አኖሩ። ቆዩ። ዞር ሲሉ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። ሰዉ በየመስኮቱ ተበተነ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጎድጓዳ አግኝቶ ወደ ውጭ ያያል፤ እንደ ተሳፋሪ።

እትዬ ፀሐይወርቅ ግን ከአልጋው ዓይናቸውን አልነቀሉም።

"ሕፃን ነበር በለኛ፣ እዚህ ላይ።"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እንዳይወድቅ ማን ይይዘዋል?"

"እናቱ ትሆናለች። ከሥር ትተኛለች።"

"ትተኛለች?" አሉ። "እንዴት ብላ ትተኛለች?" ወደ ጥጉ አዩ። "ምድጃውስ አንድ ብቻ ነው?"

"አንድ ብቻ።"

"እንግዲያ ተጣልተዋል። ይሄን ሁሉ ሴት ባንድ ምድጃ!" አሁን ሰው ሳቀ፤ እሳቸውም ፈገግ አሉ። ወዲያው ግን ወደ አባይነህ ዞሩ። "አይፈርስም።"

"እትዬ፣ መቅደሱ እኮ እዚህ ነው የሚያርፈው። ምሥራቅን ወዴት ላዙረው?"

"ምሥራቅን አዙር ማን አለህ? እሱን አንሳው። ባቡር አይደል? ይሂዳ!"

ሁሉም ሁሴንን አየው። ሁሴን ከወለሉ ሥር ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ቆየና ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። "በእኛ ብረት ይነሳል" አለ። "አለቃዬን እለምነዋለሁ፤ እንቢ አይለኝም። ግን መሃሉ በስብሷል። ሲነሳ ለሁለት ቢሰበር እኔን አትውቀሱኝ።"

አባይነህ ሰማይ አየ፣ ፕላኑን አየ፣ እትዬ ፀሐይወርቅን አየ። "ቁፋሮውን አንድ ሳምንት ገፋ አደርጋለሁ" አለ። "አንዴ ይሞከር። ከተሰበረ ግን ይጫንና ይጣላል፤ ለቅሶ የለም። ተስማማን?"

"ተስማማን" አለ መልኬ።

ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ ራሱም አያውቅም። ከሺፍት ሲወጣ እየሄደ፣ ከሁሴን ጋር ከወለሉ ሥር ተኝቶ፣ የበሰበሰውን በአዲስ እንጨት ሲደግፍ ከረመ። ሩታ ራሷ ካፖርቷን ደርባ የዶሮውን ኩስ በአካፋ አወጣች፤ "ይሄንንም የሰርጋችን ቀን አልነገርከኝም" እያለች።

በመጨረሻው ቀን ሰዉ ሁሉ ተሰበሰበ። ሁለት ረጃጅም ብረቶች ከፉርጎው ሥር ገብተዋል፤ ብረቶቹ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ክሪኮቹ በየጥጉ ቀስ በቀስ ከፍ አሉ። እንጨቱ ጮኸ፤ አንዴ በኃይል እንደ ጥይት ቋ! ሲል ቀሲስ ማትያስ አማተቡ፣ አባይነህ "አለቀለት" አለ። መልኬ ዓይኑን ጨፈነ። ሁሴን ግን ከሥር ሆኖ፣ "የድሮ ሚስማር ነው፣ ሚስማር ነው! አልተነካም!" ብሎ ጮኸ።

ትራኩ ጎተተ። መጀመሪያ ምንም የሆነ አልመሰለም። ከዚያ ከመስኮቶቹ ማዶ ይታዩ የነበሩት ዛፎች ካንዱ መስኮት ወደሚቀጥለው ተሻገሩ። ፉርጎው እየሄደ ነው!

መልኬ ስንቱን ፉርጎ አይቷል፤ ስንቱን ዳስሷል። አንዱንም ሲንቀሳቀስ አይቶ አያውቅም። ሮጦ ደረሰበትና መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ ጎን ለጎን ይራመድ ጀመር። እንጨቱ ከእጁ ሥር ይንቀጠቀጣል፤ በውስጡ ሰንሰለቶቹ ይንሿሿሉ። ሩታ በሌላው በኩል፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ ሰዉ ሁሉ አብሮት ሄደ። ያ ሁሉ ዓመት ሣር ውስጥ የኖረው ነገር መስኮቶቹን ደርድሮ፣ ድርብ ጣሪያውን ተሸክሞ፣ በሜዳው ላይ እንደ ንጉሥ አለፈ።

እትዬ ፀሐይወርቅ ከዳር በተደረገላቸው ወንበር ላይ ሆነው፣ "ውስጡ ሰው ያለ ይመስለኛል" አሉ።

ኮሚቴው የተስማማበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሁሴን ለሾፌሩ እጁን አነሳ። ትራኩ ሊቆም ሲል ከሁሉ ኋላ፣ ፕላኑን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ፣ ሲከተል የነበረው አባይነህ እየሮጠ መጣ።

"አታቁመው! ኧረ አታቁመው!" አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ገና ቦታ አለ። እስከ ዛፎቹ ረድፍ ጫፍ ድረስ ይሂድ!"